ከማሰር በፊት ማየት

ልጆቼ፤ ዕድሜ ለሰው ከሚሰጠው ሀብት ትልቁ የጥድፊያን ከንቱነት ማወቅ ነው። እኔ በየካ፣ በእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚባለው ሠፈር ኖሬ የሸበትኩ ሰው ነኝ። በጉልምስናዬ የያዝኩትና እስከ ዛሬ ከእጄ ያልወጣ አንድ ሙያ አለኝ፤ ከአውራ ዶሮ ላባ፣ ከበግ ጠጉርና ከክር ትንሽ ዝንብ ሠርቶ፣ በውኃ ላይ አንሳፍፎ፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ። ሙያው ሲያዩት ጠባብ ነው፤ ሲኖሩበት ግን ብዙ ያስተምራል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ሙያ ለምትጀምሩት ብቻ አይደለም፤ መንጠቆ ነክታችሁ የማታውቁትም ስሙኝ። የነገሩ ሁሉ ሥር አንድ ነው፤ እጅ የሚሠራውን ዓይን አስቀድሞ ይወቀው፤ ዓይን ያወቀውንም ልብ ይጠብቀው።

ቀበና ከእንጦጦ ተራራ ሲነሣ ጅረት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መንጠቆና ክር ከማስያዛቸው በፊት ወደዚያ ይዘውኝ ወጡ። ጫማዬን አስወልቀው ከቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ አቆሙኝና ድንጋይ እንድገለብጥ አዘዙኝ። ከድንጋዩ ሥር ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ፣ ስድስት እግር ያላት፣ ከሆዷ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ስንጥቦች የሚርገበገቡላት፣ ከኋላዋ ረጃጅም ጭራ የተከለች ፍጥረት ተለጥፋ አገኘሁ። «ይህቺ ናት ሜይፍላይ የሚሏት፤ ገና ክንፍ አላወጣችም» አሉኝ። በደንብ አይቼ ስጨርስ ድንጋዩን እንደ ነበረ እንድመልሰው አዘዙኝ። ልጆቼ፤ ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል። ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጎንበስ ይበል፤ ካወቀ በኋላም ያነሣውን ድንጋይ ወደ ቦታው ይመልስ። አይቶ የሚያፈርስ ሰው ከማያይ ሰው የከፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ማለዳና ማታ በጅረቱ ዳር እየተቀመጥኩ የዚህችን ፍጥረት ኑሮ ተከታተልኩ። ሜይፍላይ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው በውኃ ውስጥ ነው፤ ለወራት ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሽበትና የበሰበሰ ቅጠል እየለቀመች ታድጋለች። ጊዜዋ ሲደርስ ወደ ውኃው ገጽ ወጥታ ቆዳዋን ትገፍፍና ደብዛዛ ክንፍ ታወጣለች፤ ክንፏ እስኪጠነክርም በውኃው ላይ ቆማ ትንሳፈፋለች። ዓሣ የሚጠብቃት ያን ጊዜ ነው። ካመለጠች ከወንዝ ዳር ቅጠል ላይ ታርፋለች፤ እንደ ገናም ቆዳዋን ገፍፋ ክንፏ እንደ መስተዋት ይጠራል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ደግሞ ቆዳውን የሚለውጥ ሌላ ነፍሳት የለም። ክንፍ ካወጣች ወዲህ አትበላም፤ በጥቂት ሰዓት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተራክባ፣ እንቁላሏን ለውኃው ሰጥታ ትሞታለች። ይህን ያየ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። የምንሠራት ዝንብ ክንፏ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሰውነቷ ቀጭን፣ አቋቋሟ ቀላል መሆን እንዳለበት ይማራል። ደግሞም ለአጭር የብርሃን ቀን ረጅም የዝግጅት ዘመን እንደሚያስፈልግ ይማራል። እናንተም በስውር የምትደክሙበትን ዘመን አትናቁት፤ የሚታየው ቀናችሁ ከእርሱ ይወለዳል።

አንድ ጎረምሳ ከደጃፌ ተቀምጦ ሥራዬን ሲመለከት «ይህ የፈረንጅ ሥራ አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ ኤሊያን የሚባል የሮም ዘመን ጸሐፊ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አገጭ ሥር የሚበቅሉ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎች አስረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፎ ነበር። በ1886 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሃልፎርድ ስለሚንሳፈፉ ዝንቦችና ስለ አሠራራቸው መጽሐፍ አሳተመ። በ1922 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሌን ሃላዴይ የተባለ ሰው ገብስማና ቀይ ላባ አዋሕዶ «አዳምስ» የተባለችውን ዝንብ ሠራ፤ እስከ ዛሬም በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት አንዷ ናት። በጎረቤታችን በኬንያም ዝንብ አስረው ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ በመላክ የሚተዳደሩ ብዙ የእጅ ባለሙያዎች አሉ። ላባው የዶሮ፣ ጠጉሩ የበግ፣ ክሩ የሸማኔ ከሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ እጅ ባዕድ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ጥበብ የሚጠይቀው ትጋትን እንጂ ትውልድን አይደለም። የሌላውን አገር ሙያ ስትማሩ ራሳችሁን አታሳንሱ፤ የራሳችሁን ቁሳቁስና የራሳችሁን ዓይን ጨምሩበት።

ላባ የምመርጠው ከሾላ ገበያ ነው። የበዓል ሰሞን ሲደርስ፣ ሻጮች ዶሮውን እግሩን አስረው ሲያቀርቡ፣ ገዢው ሁሉ ሥጋውን በእጁ ይመዝናል፤ እኔ ግን አንገቱን እገልጣለሁ። አንዲት የዶሮ ነጋዴ ሁኔታዬን ተመልክታ «አባባ፣ ለዓመት በዓል ነው ወይስ ለሌላ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የላባውን ነገር ካስረዳኋት በኋላ ገብስማ አውራ ዶሮ ሲመጣላት ታቆይልኝ ጀመር። ልብ በሉ፤ የሚፈለገው ዓመት የሞላው አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። ጠባብ፣ ረጅምና የሚያብረቀርቅ ይሁን፤ ዘርፉን በጣት ወደ ኋላ ሲገፉት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ለስላሳ ብናኝ ትንሽ ይሁን። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይጠጣና ይሰምጣል፤ እርሱ የሚበጀው ከውኃ በታች ለሚሄዱ ዝንቦች ነው። ለሁሉም ነገር ቦታው አለው። ያልጠነከረ ላባ የተካነ እጅ አያነሣውም፤ ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የምትሠሩበትን ነገር ለመምረጥ ጊዜ ስጡ። በገበያ ያሳለፋችሁት ጥንቃቄ በወንዝ ዳር ይከፍላችኋል።

ስለ ክር ያስተማሩኝ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። በመወርወሪያው ውስጥ ክር የተጠቀለለበትን ቀሰም እያስገቡ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን እመለከት ነበር። ድሩ ሲላላ ጥበቡ ይዋዥቃል፤ ከመጠን በላይ ሲወጠርም ይበጠሳል። እርሳቸው ግን ክሩ ሊበጠስ ሲል በጣታቸው ያውቁት ነበር። ዝንብ ስታስሩም ሕጉ ይኸው ነው። ቀጭንና ጠንካራ ክር ምረጡ፤ በንጹሕ ሰም አንድ ጊዜ አሹት፤ ሰሙ ክሩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ መንጠቆ ላይ አስራችሁ እስኪበጠስ ድረስ ሳቡት፤ የመበጠሻውን ልክ ጣታችሁ ይወቀው። ሥራውን ሁሉ ከዚያ ልክ ጥቂት ዝቅ ብላችሁ ሥሩ። ልጆቼ፤ ሰው በትዳሩም በሥራውም የሚጸናው እንዲህ ነው፤ ሳይላላና ሳይበጠስ በልኩ ተወጥሮ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ትንሿን ሞርሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጥብቁ፤ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ቁጥር 14 ወይም 16 መንጠቆ በመታጠፊያው በኩል አስነክሱት። በመንጠቆ ቁጥሩ ሲበልጥ መጠኑ ያንሳል፤ ይህን አትርሱ። ክሩን ከመንጠቆው ዓይን ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ዓይኑ አጠገብ ለጭንቅላቱ የሚሆን ባዶ ቦታ ይቅር። ከዚያ ክሩን በመንጠቆው ዘንግ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ባዶ ብረት ላይ የታሰረ ሁሉ ይዞራል። ከሠፈሬ ልጆች አንዱ፣ ፈጣንና ብልህ የነበረው፣ ለዚህ መሠረት ትዕግሥት አልነበረውም፤ ክንፉንና ላባውን አሳምሮ ያስርና በመጀመሪያው ውርወራ ሁሉም በመንጠቆው ዙሪያ ይሽከረከርበት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት። ዛሬ እርሱ ለሌሎች የሚያስተምር ሰው ሆኗል፤ የመጀመሪያው ትምህርቱም መሠረቱን መጠምጠም ነው። ማንም የማያየውን ሥራ አሳምሮ የሚሠራ ሰው፣ የሚታየው ሥራው አይፈርስበትም።

ቀጥሎ ክንፉ ነው። ሁለት የገብስማ ላባ ጫፎችን ጀርባ ለጀርባ አጋጥማችሁ፣ ቁመታቸውን ከመንጠቆው ዘንግ ጋር አስተካክላችሁ፣ ከዓይኑ በዘንጉ ሲሶ ያህል ራቅ ባለ ቦታ እሰሯቸው፤ በክሩ ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ በመካከላቸው ክር አሳልፋችሁ ለያዩአቸው። ለጭራ ከጠንካራ ላባ ጥቂት ዘርፎች ነጭታችሁ በመታጠፊያው አፋፍ ላይ እሰሩ፤ ርዝመታቸው ከዘንጉ አይብለጥ። ጭራው ዝንቧን ከኋላ ደግፎ የሚያንሳፍፍ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። አንድ ወዳጄ ጭራና ክንፍ እያበዛ ያማሩ ዝንቦች ይሠራ ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ የሚያያቸው ሁሉ ያደንቃል፤ በውኃ ላይ ግን ወደ ጎን ይወድቃሉ፤ ዓሣም አይነሣላቸውም። በሰው ዘንድ ለመወደስ የተሠራ ነገርና ለሥራው የተሠራ ነገር አንድ አይደሉም። የምትሠሩት ለማን እንደ ሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ።

ሰውነቱ የሚሠራው ከበግ ጠጉር ነው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ባዘቶውን በጣቶቿ መካከል እንዴት እንደምታሳሳው ሕፃን ሆኜ አይቼ ነበር፤ ይህን ጠጉር በሰም በታሸ ክር ላይ ስትፈትሉትም እንደዚያው ሊታይ እስኪያዳግት ድረስ አሳሱት። ግራጫ የሆነ፣ ብዙ ያልታጠበ የበግ ጠጉር ምረጡ፤ የተፈጥሮ ቅባቱ ውኃን ይገፋል። ከጭራው ቀጭን ጀምራችሁ ወደ ክንፉ ስትቀርቡ ጥቂት አወፍሩት። ጀማሪ ሁሉ የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው፤ የተትረፈረፈ ጠጉር ውኃ ይጠጣና ዝንቧን ያሰምጣታል። በዘመኔ በሀብታቸው ብዛት የሰመጡ ሰዎችን፣ በጥቂት ነገርም ተንሳፍፈው የኖሩትን አይቻለሁ። የበቃችሁን እወቁ፤ የበዛው ሁሉ በረከት አይደለም።

አሁን ዝንቧን በውኃ ላይ የሚያቆማት ላባ ይቀራል። አንድ ገብስማና አንድ ቀይ የአንገት ላባ አዘጋጁ፤ የዘርፋቸው ርዝመት በመንጠቆው ዘንግና በጫፉ መካከል ካለው ክፍተት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሁን። ከአጥንታቸው እሰሯቸው፤ ከዚያ ተራ በተራ ከክንፉ ኋላ ሁለት ሦስት ዙር፣ ከክንፉ ፊት ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥሟቸው። ዘርፉ ዙሪያውን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የዝንቧ እግሮች እነዚህ ናቸው፤ የውኃውን ገጽ ሳይወጉ በላዩ ያርፋሉ። የተረፈውን ቁረጡ። በመጨረሻ በክሩ ትንሽ ጭንቅላት ሥሩ፤ ክሩን በራሱ ላይ አራት አምስት ጊዜ ጠምጥማችሁ ከሥሩ ሳቡትና ቋጥሩ፤ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አኑሩበት፤ የመንጠቆው ዓይን እንዳይደፈን ግን ተጠንቀቁ። አስተማሪዬ ያለቀ ዝንብ ሲቀበሉኝ ክንፉን አያዩም ነበር፤ በጥፍራቸው የመጨረሻውን ቋጠሮ ይፈትኑታል። ቋጠሮው ከላላ ከዚያ በፊት የተደከመበት ሁሉ ይፈታል። ሥራችሁን በምትጀምሩበት ትጋት ጨርሱት፤ ጀማሪ ብዙ ነው፣ ፈጻሚ ጥቂት።

በእንጦጦ ጅረቶች ትራውት የለም። ወደ ባሌ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደሚገኘው ዲንሾ። በዚያ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው ዳንካ፣ ወይብና ሻያ የሚባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ይፈሳሉ። ትራውት ቅዝቃዜና ብዙ ኦክስጅን ያለው ውኃ ይሻል፤ ሁለቱንም እዚያ ያገኛል። ለማጥመድ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ማውጣት ይገባል። በዳንካ ዳር አንድ ወጣት ተከትሎኝ ሄደ፤ ወንዙን እንዳየ ወደ ውኃው ሊገባ ተነሣ፤ እጁን ይዤ ከሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ትራውት ፊቱን ወደ ላይኛው የውኃ መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ከታች በኩል፣ ከጀርባው፣ ጥላችሁን ሳትጥሉበት ቅረቡት። ዝንቧን ከእርሱ በላይ አሳርፏት፤ ክሩ ሳይጎትታት ከውኃው ጋር ትውረድ። ክር የጎተታትን ዝንብ ዓሣ አያምናትም። ያ ወጣት በጸጥታ ተቀምጦ ሲያይ ቆየ፤ ዓሣው የት እንደሚነሣ ለይቶ ሲያውቅ ብቻ ወረወረ፤ ዓሣውም ተነሣለት። ቦታችሁን ሳታውቁ አትግቡ፤ ጊዜያችሁን ሳትለዩ አትወርውሩ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና፣ እግራችሁንም በማታውቁት ጥልቀት አትክተቱ።

ሌላም ነገር አለ። ትራውት የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ቡናማው የአውሮፓ፣ ቀስተ ደመናማው የምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ወደ ባሌ የመጡትም ከኬንያ ነው። ሁለቱም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጉዳት አድራሽ መጤ ፍጥረታት ብሎ ከመዘገባቸው 100 ዝርያዎች መካከል ናቸው፤ በሚገቡበት ውኃ የነበረውን ፍጥረት ይበላሉና። አንድ ወዳጄ ከባሌ ጥቂት ጫጩት ዓሣ አምጥቶ በእንጦጦ ጅረት ለመልቀቅ አስቦ ምክሬን ጠየቀኝ። በፍጹም አልኩት። የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ሌላ ቦታ በማይገኙት ፍጥረቶቻቸው ምክንያት ጭምር ነው፤ በእንጦጦም ያለው ጥቂት ነገር ለራሱ ይበቃል። የምትወዱትን ነገር ሁሉ ወደ ደጃችሁ አታምጡ፤ መውደድ ባለበት ቦታ መተውንም ይጨምራል። እዚያው ስታጠምዱም ከመንጠቆው ጫፍ ኋላ ያለችውን እሾህ በፒንሳ ደፍጥጧት፤ የማትበሉትን ዓሣ ሳታቆስሉ፣ በረጠበ እጅ ይዛችሁ ልቀቁት።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁ። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከላይኛው ቀበና ዳር ሸክማቸውን አሳርፈው ፊታቸውን ሲታጠቡ ለዘመናት አይቻለሁ። ያው ወንዝ ወደ ከተማው ዘልቆ ሲወርድ ግን አፋፉ ላይ ቆሞ የሚታጠብበት የለም። ከላይ ድንጋይ ስገለብጥ ሜይፍላይ አገኛለሁ፤ ከታች ስገለብጥ የማገኘው ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ የሚኖረውን ቀይ ትል ነው። የአገራችን ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ያደረጉት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ የብክለቱን ክብደት የለካው በውኃ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ፍጥረታት ነው። ሜይፍላይ ውኃው ሲታመም ቀድመው ከሚጠፉት አንዷ ናት። ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ በየካ የተጣለ ቆሻሻ በማናውቀው ሰው እርሻ ላይ ይደርሳል። ወንዝ የሚያረክስ ሰው የሚበድለው ሁልጊዜ ከታች ያለውን ጎረቤቱን ነው።

እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ወደ ተራራው ትወጣላችሁ፤ በከተማውም የወንዝ ዳር ልማት ሥራ እየተሠራ ነው። ዳርቻው በአበባና በድንጋይ ማማሩ መልካም ነው፤ የወንዝ ጤና የሚታወቀው ግን በዳርቻው ሳይሆን በድንጋዩ ሥር ነው። ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ላይኛው ጅረት ውጡ፤ አንድ ድንጋይ ገልብጣችሁ ሜይፍላይን አሳዩአቸው፤ ድንጋዩን መልሱ። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከጓሯችሁ ወደ ቀበና የሚወርደውን ፍሳሽ አቁሙ፤ ቆሻሻችሁን ከወንዙ አርቁ፤ ጎረቤታችሁንም እንዲሁ ምከሩ። ከላባና ከክር ዝንብ መሥራትን ማንም በትዕግሥት ይማረዋል፤ እኔም ደጃፌ ለሚመጣ ሁሉ አስተምራለሁ። የሞተ ወንዝን የሚያስነሣ ቋጠሮ ግን የለም፤ ሳይሞት ጠብቁት።